ግንዱ

ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ከሞላናቸው ቅጾች በአንዱ ላይ «የአባት ሥራ» የምትል መስመር ነበረች። እዚያች መስመር ላይ «ነጋዴ» ብለን ጻፍን። ከሁለታችን አንዱ ቀድሞ ገባ፤ ሌላው ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለ። አልተመካከርንም። ግን ሁለታችንም ያችኑ ቃል ጻፍን።

ውሸት ነው እንዳይባል አባታችን በእርግጥ ይነግዳል። እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ፣ ሞጣ ሄዶ «ነጋዴው የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እስኪመሽ ቢዞር አባታችንን አያገኘውም። «ሥጋ ቆራጩ» ቢል ግን የመጀመሪያው ባጃጅ አምጥቶ ከደጃፋችን ያወርደዋል። አባታችን ልኳንዳ ቤት ያለው ሰው ነው። እኛም ከልኳንዳ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተወልደን ያደግን ልጆች ነን።

«እኛ» ስንል አምስት ነን። ይህን የምንጽፈው እዚህ ግቢ ያለነው ሁለታችን ብንሆንም ሦስቱ ሞጣ ናቸው። ታላቅ እኅታችን አለች፤ እታለም ነው የምንላት። ከእሷ ቀጥሎ ባጃጅ የሚነዳው ወንድማችን አለ። ከሁላችን በታች ደግሞ ገና ተማሪ የሆነች ትንሽ እኅት አለችን። ጽሑፉን በስልክ አንብበንላቸዋል። «ይህ አይጻፍ» ያሉንን ሰርዘናል። አንድ ቦታ ላይ ግን እታለም ዝም ብላ ቆይታ «እሱን ተዉት፣ ይሁን» አለችን። የትኛው ቦታ እንደሆነ አንናገርም።

ዶርም ውስጥ ነገሩ የታወቀብን ጊዜ ጓደኞቻችን የተናገሩት አንድ ነበር፤ «እናንተማ ጥሬ ሥጋ እየጎረሳችሁ ነዋ ያደጋችሁት!» አይ የሰው ነገር! የልኳንዳ ቤት ልጅ የሚበላው ሽሮ ነው። ሥጋ እኮ ሸቀጥ ነው፤ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ በየቀኑ አዲስ ልብስ ይለብሳል እንዴ? ወደ እኛ ማዕድ የሚመጣው ገዢ ያጣው ነው፤ ሳንባው፣ ቁርጥራጩ፣ ማታ ከግንዱ ላይ ተፍቆ የሚነሣው። እናታችን አጥንቱን ሦስት ጊዜ ትቀቅለዋለች። በሦስተኛው ጊዜ የሚወጣው መረቅ ሳይሆን የሞቀ ውኃ ነው፤ እሷ ግን «ጠጡ፣ ጉልበት ነው» ትላለች። እንጠጣለን።

ልኳንዳ የሚለው ቃል የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን (ሌላ ማንበብ ሲገባን) መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ እንዳየነው፣ በአገሩ ትርጉሙ የእንግዳ ማረፊያ ነው። እኛ አገር ሲደርስ ሥጋ ቤት ሆነ። ለእንግዳ የሚታሰበው መኝታው ሳይሆን ሆዱ ነው ብለን ይሆናል።

ሞጣን ለማታውቁ፣ ከደጀን ተነሥቶ በብቸና አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በአንድ በኩል የጮቄ ተራራ ብርድ፣ በሌላ በኩል የዓባይ በረሃ ሙቀት ይመጣባታል። ከዓባይ ማዶ በጌምድር ነው። መካከል ላይ በፋሲል ዘመን ተሠራ የሚባለው፣ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ የተቆረጠው ሰባራ ድልድይ አለ። አዲሱ የእግረኛ ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ሰው ከወዲህና ከወዲያ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። አባታችን ስለዚህ ድልድይ የሚያነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሰው በገመድ ይሻገራል፣ በሬ ግን አይሻገርም» ይላል። ታሪኩን ሁሉ በዚህ ይዘጋዋል። ለእሱ ማዶው የጠፋው ገበያ ነው።

ቤቱ አንድ በር ነው። ግድግዳው ነጭና ቀይ የተቀባ ሲሆን ከበሩ በላይ መስቀል አለ። ጥቂት በሮች አልፎ ያለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ከበሩ በላይ ጨረቃ አለው። ፊደል ያልቆጠረ ባላገር እንኳ አይሳሳትም። ውስጡ መንጠቆዎች፣ ሚዛን፣ ገንዘብ የሚቀመጥባት ሣጥን፣ ከሣጥኗ ኋላ እናታችን። መካከል ላይ ግንዱ።

ግንዱ የወይራ ነው። ያስቆረጠው አያታችን ነው ይባላል፤ እሱም በዚሁ ሥራ ነበረ። ስንት መጥረቢያ እንዳረፈበት እግዜር ይወቀው፤ መካከሉ ጎድጉዶ እንደ ገበታ ሆኗል። ማታ ማታ በፈላ ውኃ ይፋቃል፤ ጨው ይነሰነስበታል። እንግዳ ሰው ቤታችን ቢገባ የሚያየው ሥጋውን ነው። እኛ ግን ቤታችንን ስናስብ የሚመጣብን ግንዱ ነው።

አባባ የሚነሣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ማረጃ ይሄዳል። በሬው እግሩ ታስሮ ይጣላል፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ይዞራል፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ይባላል፣ ቢላዋው ያልፋል። ይህ አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ረጅም ነው። ቆዳው ሳይነካ መገፈፍ አለበት፤ በቢላዋ ጫፍ አንድ ቦታ ከተነካ ዋጋው ይወርዳል። ሆድ ዕቃው ሳይፈስ መውጣት አለበት። የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ ማኅተም መምታት አለበት። ጎሕ ሲቀድ ሥጋው በመንጠቆ ላይ ነው፤ አባባ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ቢላዋውን በሞረድ ይስላል። ያ የሞረድ ድምፅ ለእኛ የማንቂያ ደወል ነበር። ዛሬም ዶርም ውስጥ አንድ ሰው ብረት ከብረት ሲያጋጭ ትምህርት ቤት ያረፈደብን እየመሰለን እንባንናለን።

በሬ መምረጥን ማንም ከመጽሐፍ አይማረውም። አባባ ገበያ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው ሰውዬውን ነው፤ «ባለቤቱ ቸኩሎ ከሆነ በሬው ታሟል» ይላል። ከዚያ ጥርሱን ያያል። ጎድኑን በጣቱ ይጫናል። የጭራውን ሥር ጨብጦ ጮማውን ይመዝናል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣለት ስብ የያዘ ሰንጋ ሳይሆን ዕድሜ ልኩን ያረሰ በሬ ነው፤ አውድማው ካለቀ በኋላ «ከእንግዲህ አይጠመድም» ተብሎ የሚሸጥ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ዳልቻ በሬያቸውን ሸጠው፣ ብሩን ቆጥረው ከተቀበሉ በኋላ ገመዱን ከአንገቱ ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። «ገመዱን አልሸጥሁም» አሉ። ወደ ኋላ ሳይዞሩ ሄዱ። ትንንሽ ልጆች ነበርን፤ ያ በሬ እንዲተርፍ ተመኘን። አባባ በዚያው ሌሊት አረደው። የበሬውን ስም ሽማግሌው ነግረውታል፣ እኛም ሰምተናል፤ እሱ ግን አንድም ቀን በሬ በስሙ ጠርቶ አያውቅም።

የተማርነው ከሚዛኑ ሥር ነው። ሩብና ግማሽን የነገረን መምህር ሳይሆን ኪሎው ነው። ሽንጥ፣ ሻኛ፣ ዳቢት፣ ጎድን፣ ፍሪምባ፣ ወርች፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ሳልገኝ፣ ንብራንብሮ፦ እነዚህን ከሀ ሁ በፊት እናውቃቸዋለን። ማንበብን ደግሞ ከዱቤ ደብተሩ። ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ ነገ ብለው የሚመጡት ግን ሁሉም ይወስዳሉ። ደብተሩ የእናታችን ስለሆነ ሰው ሁሉ የተመዘገበው እሷ ባወጣችለት ስም ነው። «ረጅሙ መምህር ግማሽ ኪሎ።» «ባሏ የሄደባት አጥንት።» «ሳል ያለበት ሾፌር አንድ ኪሎ፣ ከፍሏል፣ አልከፈለም።» ይህ የመጨረሻው ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም።

አንድ ነገር ግን እንመስክር። አባባ ምራቂ የሚጨምረው ለሚጠይቀው አይደለም። አፉን ሞልቶ «ጨምርልኝ እንጂ!» የሚለውን አይሰማም። ብሩን በጨርቅ ቋጥራ ለመጣች፣ ሩብ ኪሎ ለጠየቀች ሴት ግን ሚዛኑ ከወረደ በኋላ አንዲት ጉማጅ ጣል ያደርግላታል፤ ፊቷንም አያይም።

ታዲያ ለምን አፈርንበት? በእነዚህ ገጾች ስለ ገበሬው ብዙ ግጥም አንብበናል፤ ስለ ሸማኔው ሳይቀር ተጽፏል። ሥጋ ቆራጭ ግን ግጥም አይጻፍለትም። ሰው ሥጋውን ይወዳል፤ በቁርጥ ላይ ቁርጥ ያዛል፤ የቆረጠለትን እጅ ግን ከጠገበ በኋላ ማየት አይፈልግም። 10ኛ ክፍል ሳለን አንዲት ልጅ ለደብተር ብላ ቤታችን መጣች። አባባ ጋዋኑ ላይ ደም ነበረ። ደብተሩን ተቀብላ ሄደች። ሌላ ጊዜ አልመጣችም። በቃ ይኸው ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ ቅጹ ላይ ግን «ነጋዴ» ብሎ የጻፈው ያ ቀን ነው።

ስለ ቅርጫ ሳንናገር ብናልፍ የአገራችን ሰው ይታዘበናል። ቅርጫ የልኳንዳ ቤት ጠላት ነው። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለመስቀል 10 ወይም 12 አባወራ ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል። በሬው ይታረድና ቅጠል ላይ ይበለታል። ጎድኑ ለሁሉም እኩል ተቆራርጦ በየክምሩ ይጣላል፤ ዳቢቱም እንዲሁ፣ ሽንጡም፣ ጉበቱም፣ ጨጓራውም። አንዱ ሽንጥ ብቻ ይዞ፣ ሌላው አንጀት ብቻ ይዞ አይሄድም። ከዚያ ዕጣ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ነገር ይሰጣል፤ ጠጠር፣ ስንጥር፣ ቅጠል፣ የቤት ቁልፍ። የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየክምሩ ላይ ያስቀምጣል። ያ ልጅ ብዙ ጊዜ ከእኛ አንዱ ነበር።

በዓል ሲመጣ ገበያችንን የሚገድለው ይኸው ቅርጫ ነው። ጉዱ ግን የሰፈሩ ሰው እንዲቆርጥለት የሚጠራው አባባን መሆኑ ነው! አባባም ይሄዳል። የራሱን ገበያ ለሚያፈርስ ነገር መጥረቢያውን ተሸክሞ ይሄዳል። ሚዛን የለም፤ ሚዛኑ የእሱ ዓይን ነው። 12 ክምር ላይ ዞሮ ዞሮ ይቆምና ከአንዱ ቅንጣት አንሥቶ ወደ ሌላው ይጥላል። «አሁን ዕጣ ጣሉ» ሲል አለቀ። ከእኛ ቤት የሄደው ጠጠር የት እንደወደቀ ሳያይ ቢላዋውን ይጠርጋል።

እያንዳንዱ ክምር «መደብ» ይባላል። እዚህ ግቢ መጥተን «መደብ» የሚለውን ቃል በሌላ ትርጉም ስንሰማ፣ ሰዎች በእሱ ላይ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ሲከራከሩ ስናይ፣ ለረጅም ጊዜ ዓይናችን ላይ የሚመጣው በኮባ ቅጠል ላይ ያለ ሥጋ ነበር። አንድ ቀን ለአንድ አንደበተ ርቱዕ ተከራካሪ ይህንን ብንነግረው ከልቡ ተቆጣን። ጾመኛ ነበር መሰለን።

ስለ ጾም ካነሣን፣ የእኛ ቤት ቀን መቁጠሪያ የተገለበጠ ነው። ሰው ሁሉ ፋሲካን ይናፍቃል። እኛ ልጆቹ የምንናፍቀው ሁዳዴን ነበር። ቅበላ ማታ የመጨረሻው ኪሎ ይሸጣል፤ ሰው ልክ ሥጋ ከዓለም ሊጠፋ እንደሆነ ሁሉ ይጋፋል። በማግሥቱ ጸጥታ ነው። መንጠቆዎቹ ይወርዳሉ፤ ቢላዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ሣጥን ይገባሉ። ቤቱ በወይራ ጭስ ይታጠናል። 55 ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ይውላል፤ እናታችን በርበሬና ሽሮ ትቸረችርበታለች። ገቢ የለም። ዱቤውን የሚከፍልም የለም፤ «ሥጋ ሳልበላ የሥጋ ዕዳ እንዴት ይታወሰኛል?» ይላል ረጅሙ መምህር፣ እየሣቀ። አባባ ለፋሲካ የሚሆን በሬ ፍለጋ በየገጠሩ ይዞራል። ማታ ሲመጣ እግሩን በጨው ውኃ ይነክራል። ዝም ይላል።

በእነዚያ 55 ቀኖች ግንዱ የእኛ ነበር። ንጹሕ ጆንያ ይለብሳል፤ በላዩ ላይ መጽሐፍ እንዘረጋለን። ቤታችን ውስጥ ሌላ ጠረጴዛ የለም። እርሳስ ብናስቀምጥ ተንከባልሎ መካከሉ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል። የ8ኛ ክፍል ፈተና፣ በኋላም የ12ኛ፣ የተጠናው እዚያ ላይ ነው። ጆንያው ምንም ቢነጣ ጮማው ከታች ይወጣና ደብተራችንን ያወዛዋል። አንድ መምህራችን የሒሳብ የቤት ሥራችንን አንሥተው አሸተቱና «ይህ ደብተር ጾም ያስፈታል፣ ወዲያ አርቁልኝ» አሉ። ክፍሉ በሣቅ ሞተ። 10 ከ10 ሰጥተውናል ግን።

አሁን ወደ ሐጂ እንምጣ።

ሐጂ ቆዳ ነጋዴ ነበሩ። እኛ ነፍስ ካወቅን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጋሪ አስይዘው ይመጣሉ። ቆዳውን ዘርግተው በእጃቸው ዳብሰው፣ ቀዳዳ ካለው «አያ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» ይሉታል አባባን። ደጅ ካለችው ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። ከእኛ ሥጋ አንድም ቀን ቀምሰው አያውቁም፤ እኛም ከእሳቸው። በፋሲካ ዋዜማ ግን ከሐጂ ቤት በግ ይመጣልናል፤ በእግሩ የሚሄድ፣ ያልታረደ በግ። በአረፋ ደግሞ አባባ ገበያ ወርዶ በጉን እሱ ራሱ ይመርጥላቸዋል፤ በሞጣ ከእሱ የተሻለ በግ የሚያውቅ የለምና። በየቤታችን፣ በየሃይማኖታችን እናርዳለን። ሁለት ቤቶች እንደዚያ አድርገው ሥጋ ሲካፈሉ ኖሩ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዓርብ ነበር። የገና ጾምም ነበር፤ ቤታችን ሥጋ አልተሰቀለም። ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ከዚያ የሆነውን አገር ሰምቶታል። መስጊዶች ተቃጠሉ። የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። አንዳችን 10ኛ፣ አንዳችን 8ኛ ክፍል ነበርን።

ልኳንዳ ቤት መጥረቢያ ያለበት ቤት ነው። ይህንን ያን ቀን ነው ያስተዋልነው። ጎረምሶች መጡ። የማናውቃቸው አይደሉም። አንዱ ስሙ ዱቤ ደብተራችን ውስጥ ነበረ። «አባባ፣ መጥረቢያውን አውሱን» አሉ፤ በአክብሮት ነው ያሉት። አባባ ግንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ግንዱ ላይ ተቀምጦ አይተነው አናውቅም፤ እኛ ብንቀመጥ ይቆጣል። «ኸቤቴ የለም፣ ለሚስል ሰው ሰጥቻለሁ» አላቸው። ቢላዋስ? «እሱም የለም።» ሄዱ። ሌሎች መጡ፤ ያንኑ አላቸው። መጥረቢያው ከእናታችን የሽሮ ጆንያ ውስጥ ነበር። አባታችን ሲዋሽ የሰማነው በዚያን ቀን ብቻ ነው። እስኪመሽ ከግንዱ ላይ አልተነሣም።

እታለም ማታ «ለምን አልወጣህም? ለምን ሐጂ ቤት አልሄድህም?» አለችው። አልመለሰላትም። እስከ ዛሬም አልመለሰላትም። እኛም ብንሆን አልወጣንም፤ በበሩ ቀዳዳ ነው ያየነው።

በሦስተኛው ቀን አባባ ሁለታችንን ይዞ ሄደ። የሐጂ መጋዘን ጨውና ቆዳ ነበር የሞላው። የተቃጠለ ቆዳ ሽታ ሰፈሩን ይዞት ነበር፤ የደም ሽታ የለመድን ልጆች አፍንጫችንን ያዝን። ሐጂ ደጅ ተቀምጠዋል። አባባ አጠገባቸው ተቀመጠ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሐጂ፣

«መጥረቢያህን ሰጠህ?» አሉት።

«አልሰጠሁም።»

ሐጂ ወደ ቤት ዞረው «ቡና አፍሉ» አሉ።

ቆዳውን ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ገደለው። በእነዚያው ዓመታት ዋጋው ወርዶ ወርዶ ማንሻውን የማይሸፍን ሆነ፤ በበዓል ማግሥት የበግ ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ማየት ተለመደ። አባባ አሁንም ቆዳውን ሳይነካ ነው የሚገፈው። ለማን እንደሆነ እንጃ። ሐጂ ዛሬ ጨውና ገመድ ይሸጣሉ። የፋሲካው በግ አልቀረም።

በ2015 ዓ.ም. ክልላችን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ስለ ቤታችን የምናውቀው ስልክ ሲሠራ የሚነገረንን ነው። በ2016 ዓ.ም. የአባባ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ አልነገሩንም። ጣቱን ሲቆርጥ ነገሩን። ወንድማችን ሌሊት ተነሥቶ ያርዳል፣ ይገፋል፤ ሲነጋ ባጃጁ ላይ ይወጣል። «ማረዱን አርዳለሁ፣ ግንዱ ላይ ግን አታቁሙኝ» ብሏል፤ ሰው እያየው መሥራት አይወድም። እናታችን ከሣጥኗ አትነሣም። ስለዚህ እታለም ጋዋኑን ለበሰች።

በእኛ አገር ሴት አታርድም። መቁረጥ ግን ክልክል ነው የሚል ሰው ቢፈለግ አልተገኘም፤ ብቻ አልተለመደም። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው በሩ ላይ ደርሶ ይመለስ ነበር። አንዱ ደፍሮ «ወንድ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አላት። «ወንዱ ባጃጅ ላይ ነው። ስንት ኪሎ ልቁረጥ?» አለችው። አንድ ኪሎ ወሰደ። አባባ ዱካዋ ላይ ተቀምጦ ያያል። እጁ ቢንቀጠቀጥም ዓይኑ አልተንቀጠቀጠም፤ ስትሳሳት ያስላል። ከጥቂት ወር በኋላ ማሳሉን ተወ።

ለ2017 ዓ.ም. ገና የሰፈሩ ሰው ለቅርጫ አባባን ሊጠራ መጣ። «እሷን ውሰዱ» አላቸው። ሽማግሎቹ ተያዩ። ወሰዷት። ትንሿ እኅታችን እንደነገረችን 10 መደብ ነበር፤ እታለም ሦስት ጊዜ ዞረች፣ ከአንዱ ጉበት አንሥታ ወደ ሌላው ጣለች፣ «ዕጣ ጣሉ» አለች። ያጉረመረመ አልነበረም። ጠጠሮቹን ያስቀመጠችው ትንሿ ናት።

እንግዲህ ነገሩ አልቋል ብለን ነበር እኛ። በዚያው ዓመት ቅበላ ሰሞን ስልክ ተደወለ። አባባ ነው።

«ከሁለታችሁ አንዳችሁ ስትመረቁ መጥታችሁ ግንዱን ያዙ። ካልሆነ ለባዕድ እሰጠዋለሁ።»

«እታለምስ?» አልነው።

«እሷማ ነገ ታገባለች።»

ዝም ተባለ። እታለም 29 ዓመቷ ነው። ስልኩም የእሷ ነው። ድምፁን ከፍታ አጠገቡ ሆና እየሰማች እንደነበረ ያወቅነው ከበስተጀርባው የሞረዱ ድምፅ ቀጥ ሲል ነው።

በዚያ ሌሊት ሁለታችን ተጣላን። አንዳችን፣ ዲግሪ ይዞ በየሰሌዳው ማስታወቂያ ሲያነብ ከመዋል የአባትን ሥራ መያዝ ምን ነውር አለው፣ አፍረን የኖርነውን ዕዳ እንክፈል አለ። አንዳችን ደግሞ፣ ይህ ዕዳ መክፈል ሳይሆን መስረቅ ነው፣ ሰው በእጁ የያዘውን ነጥቀህ «ወረስሁ» ልትል ነው አለ። ሁለቱም እውነት አለበት። እስከ ዛሬ «እኛ» ብለን ስንናገር አስቸግሮን አያውቅም ነበር፤ ያን ሌሊት አስቸገረን። ጎሕ ሲቀድ የተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ለአባባ ደውለን «የንግድ ፈቃዱ በእታለም ስም ይዙር፤ እኛ አንመጣም» አልነው። «ከፋሲካ በኋላ አስብበታለሁ» አለ። ፋሲካ አለፈ። እያሰበበት ነው።

እሷ ግን ሥራ ላይ ናት። መታወቂያዋን ልታሳድስ ሄዳ ጸሐፊው ሥራ በሚለው ላይ «የቤት እመቤት» ብሎ ሊጽፍ ሲል «ባል የለኝ፣ ቤቱም ያባቴ ነው፤ ሥጋ ቆራጭ ብለህ ጻፍ» አለችው። አሰበ አሰበና «ነጋዴ» ብሎ ጻፈላት። ይህን በስልክ ስትነግረን እየሣቀች ነበር። እኛ ሣቁ አልመጣልንም፤ ስለ ቅጹ ያን ጊዜ ነው የነገርናት።

ባለፈው ሳምንት ሞረድ ላኩልኝ አለችን። የአባባ ሞረድ ከማርጀቱ ሌላ እጀታው ለእጇ ይሰፋል። መርካቶ ወርደን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስንዞር አንዱ ባለሱቅ ሦስት ዓይነት አወጣልን። «ለማን ነው? እጁ ምን ያህል ነው?» አለን።

«ለእኅታችን ነው። ሥጋ ቆራጭ ናት» አልነው።

ቀና ብሎም አላየንም። ትንሹን መርጦ በጋዜጣ ጠቀለለው። እስከ ብቸና የሚሄድ ልጅ አግኝተን ሰጥተነዋል። ከብቸና ሞጣ መኪና ካለ ረቡዕ ማታ ይደርሳል። ካልሆነም ዓርብ ጾም ነው፤ ለቅዳሜ ገበያ ይደርስላታል።